የጋሽ ብሎን ያልሞላ ዜማ

ወገኖቼ፣ የቆማችሁ አረፍ በሉ፤ የተቀመጣችሁም ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ቦታ ስጡ። ታሪኩ ረጅም አይደለም፤ እንባ እያቋረጠ ካስረዘመው ግን ታገሡን።

ሁላችሁም ጋሽ ብሎን የምትሏቸው ራዲዮ ጠጋኙ ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ጥር 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የአባታቸውን ራዲዮ ፈታትተው መልሰው ሲገጥሙት ሦስት ብሎን ተረፈ፤ ራዲዮው ግን ከበፊቱ አጥርቶ ይናገር ነበር። አባታቸው ለጥፊ ያነሡትን እጅ መልሰው ሳቁ፤ ስሙም በዚያው ወጣላቸው።

በ1967 ዓ.ም. የጥገና ሱቅ ከፈቱ። ከሳንቃው ግድግዳ ማዶ፣ ኋላ ባለቤታቸው የሆኑት ልብስ ሰፊ ይሠሩ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መኪናቸውን እየረገጡ ቃል የሌለው አጭር ዜማ ያንጎራጉራሉ፤ ያልቅና እንደገና ከራሱ ይጀምራል። ጋሽ ብሎን ሥራቸውን ትተው ግድግዳ ሲያዳምጡ ስንት ደንበኛ ተቆጥቷቸዋል። በ1971 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። የስንቱን ሰው ቴፕ ጠግነው ሲመልሱ የሚስታቸውን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ እንዳልቀዱ ልብ ያሉት ከቀብር መልስ ነው።

በ2011 ዓ.ም. እጃቸውን ቁርጥማት የያዛቸው አንድ ሙዚቀኛ ወዳጃቸው አናሎግ ሲንተሳይዘራቸውን ሰጧቸው፤ ድምፅን ከኤሌክትሪክ የሚፈጥር፣ ማዞሪያ በማዞሪያ የሆነ ዕቃ። ከእሱ ጋር ሴኩዌንሰር የሚሉት አለ፤ አሥራ ስድስት ማዞሪያ በተርታ፣ በእያንዳንዱ አንድ ድምፅ ይሞላበታል፤ እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ደግሞ ከራሱ ይጀምራል። ጋሽ ብሎን ይህን ሲሰሙ ወንበር ሳቡ።

ጅማሬው አልቀናቸውም። ዕቃው ሁለት ቀን ሙሉ ጭጭ አለ። ሆዱን ከፍተው ያልፈተሹት ሽቦ የለም። ሙዚቀኛው መጥተው አንዷን ማዞሪያ ወደ ቀኝ ቢያዞሯት ቤቱ በድምፅ ተሞላ።

“ብሎን፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። አንገቱን አንቀህ ይዘህ ዝፈን ትለዋለህ?”

ከዚያ አንድ በአንድ አስተማሯቸው፤ አንዱን ብቻ አዙር፣ አዳምጥ፣ ከዚያ ሌላውን። ይህ ዕቃ እንደ ስልክ አያስቀምጥልህም፤ ማዞሪያው ከተነካ ድምፁ ሄደ፣ ስለዚህ በወረቀት ሳለው አሏቸው። ጋሽ ብሎን እጄ ያውቀዋል ብለው አልሳሉም።

በ2013 ዓ.ም. ሐኪም የመርሳት በሽታ እንደ ጀመራቸው ነገራቸው። ያን ጊዜ ሩጫው ከበሽታው ጋር ሆነ። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ማንንም ሳያሰሙ፣ የሚስታቸውን ዜማ አሥራ ስድስቱንም ሞሉ። የድምፁ ቀለም ትንሽ ይቀረዋል፣ ሲደርስ ቀድቼ ለልጄ አሰማታለሁ ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሕክምና ሲመለሱ ልጃቸው ቤቱን አጽድታ ቆየቻቸው። ዕቃውንም ወልውላ፣ ማዞሪያዎቹ የተንጋደዱ ቢመስሏት ሁሉንም አቅንታ አሰልፋቸው ነበር። ጋሽ ብሎን ቆመው ብዙ አዩት።

“አባዬ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?”

“ኧረ የለም የኔ ልጅ። ከአቧራው ገላገልሽኝ።”

እውነቱን ከሙዚቀኛው የሰማችው ከዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ከጎናቸው ተቀመጠች። እሳቸው ያዞራሉ፣ እሷ ትስላለች። እስከ አሥራ አንደኛው ድምፅ ሄዱ። አሥራ ሁለተኛው ላይ እጃቸው ይቆማል፤ “ከዚህ ወዴት ነበር እናትሽ የምትወስደው?” ይሏታል። እሷም ዜማውን ከልጅነቷ ጀምሮ በየቀኑ የሰማችው ነገር ነውና ልብ ብላ አልያዘችውም ነበር። ያን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሳምንት ጠየቋት፤ ከዚያ እሱንም ተዉት።

ጋሽ ብሎን በተወለዱ በ70 ዓመታቸው፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንዲት ታላቅ እህት ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍለጋ በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን።

ልጃቸው ልትናገረው ያልቻለችውን እኛ እንለምንላት። ከእናንተ መካከል በእናቷ ሳንቃ ቤት ልብስ ለመለካት የቆማችሁ፣ ቁልፍ እስኪተከልላችሁ የጠበቃችሁ ብዙ ናችሁ። አሥራ አንዱ ድምፅ በእጇ ነው፤ አምስቱ የለም። ዛሬ ባይሆን ነገ፣ ዕቃ ስታጥቡ ወይ መንገድ ስትሄዱ ዜማው ድንገት ከመጣላችሁ፣ ድምፄ አያምርም ብላችሁ አትፈሩ፤ በሯን አንኳኩና አንጎራጉሩላት። እስቲ እባካችሁ፣ አስታውሱ።