የሲኞሬ ውሃ

ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሮም

ዛሬ የማስታምማቸው የሲኞሬ ልጅ ኦስትሪካ፣ ያንን በጥሬው የሚበሉትን ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ፣ ይዞላቸው መጣ። «ፓፓ፣ ከእኛው ሐይቅ ነው» አላቸው። ሲኞሬ ዓይናቸው ከመጥፋቱ በፊት አርባ ዓመት እዚያ ኦስትሪካ አርብተዋል፤ አሁን ማርቢያው በልጁ እጅ ነው። ዛጎሉን ከፍቼ ሰጠኋቸው። እኔ ሃይማኖቴ ስለማይፈቅድ አልቀምስም፤ ሽታውን ግን እሳቸው አስተምረውኛል። የእሳቸው ሐይቅ ወንዝ ስለሚገባበት ሽታው ለስለስ ያለ ነው፤ ይሄኛው ጨው ጨው ይሸታል። ደነገጥኩ፣ ግን የቀሩትንም ከፈትኩላቸው። እሳቸው «አቤት፣ የእኛው ውሃ!» እያሉ ስድስቱንም ጨረሱት። ልጁ ደስ ብሎት ስሟቸው ሄደ።

በሩ ሲዘጋ እጄን ያዙኝ።

«አልማዝ፣ ማርቢያውን ሸጦታል ማለት ነው። እንዳወቅሁ እንዳትነግሪው፤ ያፍራል።»

«ምኑን ሲኞሬ? እኔ መች ቀምሼ አውቃለሁ?»

«አፍንጫሽን ማን ሆነና ያስተማረው!» አሉኝ፣ እጄን ሳይለቁ።