አካል ለሌለው ኮምፒውተር የተገዛ ባትሪ

ወዳጄ፣

አለቃችን የዚያን ሁሌ የሚዘገይ ኮምፒውተር የሰዓት ባትሪ እንድቀይር ባሕር አሻግሮ ልኮኝ አይደል? ኮምፒውተሩ አካል የለውም። ከመሰሎቹ ጋር አንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ በደባልነት የሚኖር ፕሮግራም ነው። ባትሪው ኪሴ ውስጥ አለ።

ትልቁን ማሽን “ትንሽ ልተኛ፣ ቀስቅሰኝ” ይለዋል። እሱም ሌሎቹን ሲያስተናግድ ቆይቶ፣ ሲመቸው ይቀሰቅሰዋል። “በሰዓቴ ነቃሁ ብሎ ይምላል” አለችኝ የማሽን ክፍሉ ኃላፊ፣ ከብርዱ ካፖርቷን እየቆለፈች። “አይዋሽም፤ ሰዓቱም አብሮት ተኝቷል።” መፍትሔው፣ ሲነቃ የራሱን ትቶ የትልቁን ማሽን ሰዓት እንዲጠይቅ ማዘዝ ነው።

አንተ ትዝ አልከኝ። እናትህ ሲቀሰቅሱህ “አሁን ገና ጋደም ማለቴ ነው” የምትለው ከልብህ ኖሯል ለካ! ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ፖስት ካርዱ ሞላ። ሚዜዬ ነህና፣ የሰርጌ ዕለት ስትነቃ ስንት ሰዓት እንደሆነ እሳቸውን ጠይቅ።