ጉድፈላን የጻፍኳት እኔ ነኝ

ጥቅምት 4
የሬዲዮ ድራማዬ ክፍል አርባ አንድ አለቀ። ጉድፈላ በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ስታዳምጥ በሩ ድንገት ይከፈትና ከነትሪዋ እንግዶቹ መሃል ዘጭ ትላለች። ብቻዬን ሳቅሁ። ለአዘጋጁ በስልክ አነበብኩለት፣ እሱም ሳቀ። «ይቺን ሠራተኛ ባትፈጥሪ ድራማው ይሄኔ ተቀብሮ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። የሌሎቹን ስም የሚያስታውስ አድማጭ የለም። እሷ «ጉድ ፈላ!» ስትል ግን አገር ይስቃል።
ልብስ አጠብኩ። ሌላ ነገር የለም።

ጥቅምት 9
ሊፍቱ ከተበላሸ ወር አለፈው። ደረጃው ላይ ከሦስተኛ ፎቅ ሠራተኛ ጋር ተገናኘን። ሁለት ባልዲ ውሃ ይዛለች። አንዱን ላግዝሽ ብላት እምቢ አለች። በራቸው ጋ ስትደርስ ቆም አለች።
«እትዬ፣ ያን የሬዲዮ ድራማ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት አሉ?»
አድናቂ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። «አዎ! ትሰሚዋለሽ?»
«ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ልጆቹ እኔንም ጉድፈላ ነው የሚሉኝ። ስሜን ትተውታል።»
ፈገግ አልኩ። እሷ ፈገግ አላለችም።
«አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ጉድፈላ የት ነው የምትተኛው?»
«የት?»
«ሥራዋን ስትጨርስ። የት ነው ጋደም የምትለው?»
አላውቅም አልኳት። አርባ አንድ ክፍል ጽፌ! የጌቶቿን የራስጌ መብራት ቀለም እንኳ ጽፌያለሁ።

ጥቅምት 10
ቀኑን ሙሉ አንድ መስመር አልወጣኝም።

ጥቅምት 13
ጣራው ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። አንሶላ ስንጨምቅ እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው። «አንቺስ የት ነው የምትተኚው?» አልኳት።
ኩሽና። በፍሪጁና በጋዝ ሲሊንደሩ መሃል። ፍሪጁ ሲንቀጠቀጥ ጀርባዋም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጌታዋ ሊነጋጋ ሲል ውሃ ሊጠጡ ይመጡና ተሻግረዋት ያልፋሉ። አንዳንዴ ይረግጧታል። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። ሰባት ዓመት።
«ከባል በላይ ለምጄዋለሁ ፍሪጁን። እሱም ያንኮራፋል» አለችና ሳቀች።
ቤት ገብቼ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ከነገረችኝ አንድ ቃል አልጣልኩም።

ጥቅምት 17
አዘጋጁ ክፍል አርባ ሁለትን አንብቦ ወረወረው። «ሰው የሚከፍተን ሊስቅ ነው። ልቅሶ ሲያምረው ጎረቤት መች አጣ?»
ጉድፈላን የምትጫወተው ተዋናይት ከወለሉ ላይ አንስታ ማንበብ ጀመረች። የጉድፈላን ቀጭን ድምፅ ተወችው። በራሷ ድምፅ... እስከ መጨረሻው። «እናቴ ሰው ቤት ነበር የምትሠራው» አለች ብቻ።
አዘጋጁ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየ። «በሉ፣ ቅዱት።»

ጥቅምት 24
ተላለፈ! የጣቢያው ስልክ ሲጮኽ ዋለ። የሚደውሉት የቤት ሠራተኞች ናቸው፣ አንሾካሽከው ነው የሚያወሩት። እግሬ መሬት አልነካ አለ።

ጥቅምት 26
ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የሦስተኛ ፎቋ ሠራተኛ ናት። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፌስታል። ተባረረች።
ወይዘሮዋ ሬዲዮኑን ሰምታለች። ፍሪጁን፣ ሲሊንደሩን፣ ውሃ ሊጠጣ የሚነሳውን ባሏን። «ገበናዬን አደባባይ አወጣሽው» ብላ በአሥር ደቂቃ አስወጣቻት።
«ያንን ሁሉ የነገርኩት ለማን ነበር?» አለችኝ። «አንሶላ ለምታግዘኝ ሴት። ለሬዲዮ አልነገርኩም!»
«እኔ እኮ ለእናንተ ብዬ...»
«ማን ጠየቀሽ? እኔን ጠይቀሽኛል?»
አንቺ አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ።
ግቢ አልኳት። ሌላ መሄጃ ስለሌላት ገባች።

ጥቅምት 27
ይቅርታ ጠየቅኳት። «ሰማሁ» አለች። ይቅር አልኩሽ አላለችም።
ለአዘጋጁ ደውዬ መጻፍ አቁሜያለሁ አልኩት።

ኅዳር 2
ሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ ጨዋታ ነው ያወራችኝ አልኳት ወይዘሮዋን። ትጮኽብኛለች ስል አለቀሰች።
«እህቶቼ ሳይቀሩ ደውለው ያንቺ ቤት ነው አይደል አሉኝ። እኔ ክፉ ሴት ነኝ? ቦታ የለንም እኮ!»
በአጠገቧ አሻግሬ አየሁ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሻንጣና የተሰበረ ብስክሌት ሞልቶታል። እሷም ዞራ አየችው።
አልመልሳትም አለች። ግን ቁጭ ብላ በገዛ እጇ የሥራ ምስክር ወረቀት ጻፈችላት። «ታማኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ኅዳር 7
በዚያ ወረቀት ሕፃናት ማቆያ ወጥ ቤት ሥራ አገኘች። ነገ ትጀምራለች። ከጓደኛዋ ጋር ልትኖር ነው። ሻንጣዋን እየዘጋች፣
«መጻፍ ተውሽ አሉ?»
«አዎ።»
«ደግሞ ብለሽ ብለሽ ማኩረፍ? ጥፋትሽ መጻፍሽ መሰለሽ? ሳትጠይቂ መጻፍሽ ነው። እሁድ ሰው ቤት የሚሠሩ ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ፤ እኛ እናወራለን። ትጽፊያለሽ፣ መልሰሽ ታነቢልናለሽ። ይውጣ ያልነው ይወጣል፣ ይቅር ያልነው ይቀራል።»

ኅዳር 12፣ እሁድ
አራት ሆነው መጡ። አንዷ ገበያ ብላ ነው የወጣችው፣ ሰዓት ሰዓት ታያለች።
ማንም እንዳይታወቅ ታሪኩን አቀላቀሉት። «የኔን ጌታ ለሷ ስጪያት፣ የሷን አማት ለኔ።» የትኛው የማን እንደሆነ እኔ ራሴ ጠፋኝ። ጉድፈላ ስታለቅስ ጽፌ ሳነብላቸው ተንጫጩብኝ።
«ኧረ አታስለቅሺብን! እኛ ስንገናኝ እነሱን እያነሳን አይደል እንዴ በሳቅ የምንሞተው?»
ከዚያ የጌቶቻቸውን አነጋገር እየቀዱ አሳዩኝ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። አርባ አንድ ክፍል ስጽፍ እንዲህ የሚያስቅ አንድም አልጻፍኩም።

ታኅሣሥ 14
ቀረጻ። ጉድፈላ የሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት የምትጠይቅበት ክፍል። ተዋናይቷ አራት ጊዜ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ከማቆያው አስፈቅዳ የመጣችው የኛዋ ከጥግ ተነሳች።
«እመቤትሽን ፊት ለፊት እያየሽ አትጠይቂም። የያዝሽውን ዕቃ እያየሽ ነው።»
ተዋናይቷ ብርጭቆ ያዘች። ብርጭቆውን እያየች ጠየቀች። አዘጋጁ በዚያው ቀዳው።
የምወዳትን አንዲት መስመር ደግሞ ሰረዘችብኝ። «እኛ እንዲህ አንልም።» ተከራከርኩ። አዘጋጁ እሷን ደገፈ።

ታኅሣሥ 17፣ እሁድ
ዘጠኝ ሆነው መጡ። ሁሉም ሲቀመጡ በሩ እንደገና ተንኳኳ። የማላውቃት ልጅ፣ ገና ሻሿን እያሰረች።
«ከሦስተኛ ፎቅ ነኝ። አዲሷ ነኝ። ወይዘሮዋ እሁድ ከሰዓት ያንቺ ነው፣ ከፈለግሽ ላይ እነሱ ጋ ውጪ አሉኝ።»
የኛዋ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ፣ ተቀመጪ። ስምሽ ማነው?»
ወንበር አነሰ። እኔ መሬት ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።