ለአንድ ሰው አንድ እሽግ እንቁላል

ለውድ እህቴ ለእትዬ ያሱኤ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የሳፖሮ በረዶ ዘንድሮስ ማረሽ፣ ወይስ ዛሬም ደጅሽን በአካፋ ስትጠርጊ ትውያለሽ? ጉልበትሽን አሁንም ያምሻል? የጋሼ ሞሪሂሮ ወገብስ ሻል አላቸው? እኔ ጉንፋን ይዞኝ ሰንብቶ አሁን ለቆኛል። አባባም ደህና ናቸው። ደህና ናቸው ስልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ብዕር ያነሳሁትም ይህንኑ ላወጋሽ ነው።

እማዬ ካረፈች ጀምሮ አባባ እንዴት እንደሆኑ ታውቂያለሽ። "ምን ልሥራልዎ?" ስላቸው "ያለውን"፣ "በርዶዎታል?" ስላቸው "አይ"፤ ቀኑን ሙሉ ከዚህች በላይ ቃል አይወጣቸውም ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእሳቸው ግን እርሳስ ሆኖ ከበደኝ። አንቺ የላክሽው፣ እናንተ ከተማ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ፤ አላነበቡትም፣ አላነሱትምም። እውነቱን ልንገርሽና እኔም ደክሞኝ ልሞላው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ ሰፈራችን ያለው ርካሹ ሱፐርማርኬት እንቁላል በግማሽ ዋጋ አወጣ። ታዲያ ለአንድ ሰው አንድ እሽግ ብቻ ነው። እኔ ሁለት ፈልጌ "አባባ፣ እንዲያው ለቁጥር ይቁሙልኝ" ብዬ ለመንኳቸው። ከራባታቸውን አስረው ወጡ! ሳቄን ዋጥ አደረግሁ።

በሩ ሳይከፈት ሰልፉ ጥጉን ዞሯል። ልክ ሲከፈት ግን ሰልፍ የለ ምን የለ፣ ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። አንዲት የነብር ቆዳ የመሰለ ካፖርት የለበሰች ሴትዮ በጋሪዋ ስትጋፋ ከፊታችን የነበሩትን ባለ ከዘራ አሮጊት ገፋቻቸው፤ ለጥቂት ነው ከመውደቅ የተረፉት። እኔ አፌን ልከፍት ስል ከኋላዬ "ወደ ኋላ ፈቀቅ! በሁለት በሁለት! የሚወርድ ይቅደም!" የሚል ድምፅ አካባቢውን አናጋው። አባባ ናቸው! ሠላሳ ስምንት ዓመት ትራም ሲነዱ የነበረው ያ ድምፅ! እንቁላል የሚያድለው ሠራተኛ ሳይቀር እሽጉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ሴትዮዋ ዘወር ብላ "አንቱ ሽማግሌ፣ ምነው ጣቢያ መሰለዎት እንዴ?" አለቻቸው። አባባም ሳይቸኩሉ "እመቤት፣ ለባቡርም ለእንቁላልም ወረፋ ያው ነው። እርስዎ ስለተጋፉ ዶሮዋ ሁለት አትጥልም" አሏት። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ከሁላችንም በላይ ሳቀች፤ አሮጊቷን ይቅርታ ጠይቃ "እሺ ሾፌር፣ ወደ ጭራው ሄጃለሁ" ብላ ሄደች። ኋላ ገንዘብ መክፈያው ጋ ስታገኛቸው "ለጉሮሮዎ" ብላ ኪሳቸውን በከረሜላ ሞላችው።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ለሳቅ ብቻ አይደለም፣ እህት ዓለም። ከእንቁላሉ በኋላ አትክልቱ ጋ ስንደርስ አባባ አንድ ረጅም ነጭ ፍጅል አነሱና "እናትሽ ስትመርጥ ምኑን ነበር የምታየው?" አሉኝ። ስሟን ከቀብሩ ወዲህ ሲያነሱ የመጀመሪያቸው ነው። "ቅጠሉን ታይ ነበር፤ ከባድ መሆኑንም በእጇ ትመዝን ነበር" አልኳቸው። አንዱን አስቀምጠው ሌላውን እያነሱ አምስት ስድስት መዘኑ። የመጨረሻውን ታቅፈው "አርባ ዓመት ስበላው አንድ ቀን ሳልጠይቃት!" ብለው እዚያው ሰው መሀል አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሰው ቅርጫቱን ይዞ በጎን በጎናችን ያልፍ ነበር።

ቤት ገብተን ፍጅሉን እሳቸው ላጡት። ልጣጩ ከፍጅሉ ይወፍራል፤ ቢሆንም ቀቅለነው ሁለት ሳህን በሉ። ትናንት ደግሞ ሳልነግራቸው ብቻቸውን ሄደው ሽንኩርትና ዓሣ ገዝተው መጡ። ማታ ቅጹን አንስተው መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡትና "ልጄ አስባልኛለች፤ ግን ገና ነኝ" ብለው በሥርዓት አጥፈው ፖስታው ውስጥ መለሱት። እንዳትቀየሚ። በረዶው ቀልጦ የእናንተ የቼሪ ዛፍ ሲያብብ ሊጠይቁሽ ይመጣሉ፤ ሊኖሩ ሳይሆን ሊጠይቁሽ። "እዚያ ዓሣ እኔ እሠራላታለሁ" ብለዋል።

ጋሼ ሞሪሂሮን እጅ ነስታለች በይልኝ። ናጊሳን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ለፈተናዋ አክስትሽ ትጸልይልሻለች በያት። ጎረቤትሽን ወይዘሮ ኩራታንም ሰላም በይልኝ። አባባ እንደ ድሮው "ሰላም በያት" ብለው ዝም አላሉም፤ "ለያሱኤ ናፍቃኛለች ብለሽ ጻፊ" ብለውኛል። ይኸው ጻፍኩልሽ።

እህትሽ ቺዙሩ
ኦሳካ፣ ሐሙስ ማርች 7 ቀን 2019