ቀዩ መድኃኒት በእጄ ሳለ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀድሞ እጮኛዬ፤

እንደምን ከርመሃል? የሐዋሳ አየር ተስማማህ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ማለዳ ማለዳ ይበርዳል፤ ደንቢያ ላይም ጤፉ ሸጋ ሆኗል ይላሉ። ዘር ተቆጥሮ «በአምስት ቤት ትዛመዳላችሁ» ተብለን ቀለበታችንን ከመለስን ስድስት ዓመት ሆነ። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብዬ ዛሬ ስጽፍልህ ክፉ ወሬ እንዳይመስልህ አስቀድሜ ልንገርህ፤ እናትህ በሕይወት አሉ።

ግን ታመዋል። ሚያዝያ ላይ አጎትህ አያ ላቀው ከቆላ ድባ ይዘዋቸው መጡ። የጡት ካንሰር ነው። ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ኬሞ ታዘዘ፤ የካንሰር ክፍሉ ነርስ ደግሞ እኔ ነኝ። መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ሁለታችንም ደነገጥን። ሌላ ነርስ ትመደብልዎ ወይ ብላቸው አንቺው ሁኝ አሉኝ። ለአንተ ልደውል ስል ግን በቁስቋም ማርያም አስማሉኝ፤ ልጄ ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብለው። እንዳልደውል ነው የማልሁት፤ ደብዳቤ ያነሣ አልነበረም።

ምን ሲደረግላቸው እንደከረመ ማወቅ ይገባሃል። መጀመሪያ በየሦስት ሳምንቱ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ አራት ጊዜ ወሰዱ። ሁለቱም የሚመቱት በሕዋስ ውስጥ ያለውን የዘር ክር ነው። አንደኛው ክሩን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ሌላው፣ ቀዩ፣ መሃሉ ገብቶ ይበጥሰዋል። ካንሰር ቶሎ ቶሎ ስለሚባዛ በዚህ ይሞታል። ነገር ግን መድኃኒቱ ወዳጅ ከጠላት አይለይም፤ በሰውነታችን ቶሎ የሚባዛውን ሁሉ ያገኘዋል። ጠጉራቸው በሦስተኛው ሳምንት ረገፈ፤ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ሳልመነኩስ መነኮስሁ ብለው ሳቁ። አፋቸው ቆስሎ ከእርጎ በቀር የማይወርድላቸው ሰሞንም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሽንታቸው ቀልቶ ደም መስሏቸው ተሸበሩ። የመድኃኒቱ ቀለም መሆኑን ቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ያ የሚያጣብቀው ፊኛን ስለሚያቃጥል ውሃ በብዛት አጠጣቸው ነበር፤ ቀዩ ልብን ስለሚያደክም ልባቸው በአልትራሳውንድ ታይቷል።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ በዐሥረኛው ቀን አተኮሳቸው። መቅኒው ሲዳከም ነጭ የደም ሕዋስ ያንሳልና ትንሽ ትኩሳት ሰው ይገድላል። ይህን ለአያ ላቀው ነግሬያቸው ስለነበር ይንጋ አላሉም። መንገዱ ለመኪና ዝግ ነበር፤ በጭቃው እስከ አዘዞ በበቅሎ፣ ከዚያ በባጃጅ አደረሷቸው። ስድስት ቀን ተኝተው በደም ሥር መድኃኒት ወስደው ተነሡ። አጎትህን ምን ብለህ እንደምታመሰግናቸው አንተ ታውቃለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በፍልሰታ ማግስት አራተኛውን ሰጠኋቸው። ቀዩ መድኃኒት ተሰቅሎ የሚተው አይደለም። ከደም ሥር ካፈተለከ ሥጋ ስለሚያቃጥል አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እጃቸውን ይዤ፣ በሲሪንጅ በዝግታ እገፋለሁ። ግማሹን እንደሰጠሁ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ያ ቆጠራ ውሸት ነው» አሉ። «የአባትሽ ዘርና የኛ ዘር በሰባትም በዐሥርም አይገናኝም። ልጄን ከተማ ወስደሽ የምታስቀሪብኝ መስሎኝ ነው የዋሸሁት።»

ተነሥቼ መሄድ አልችልም። ስድስት ዓመት ዘመዴ ነው እያልሁ ልቤን ስገሥጽ የኖርሁት ሁሉ መጣብኝ፤ ሲሪንጁን ግን አልለቀቅሁም። መርፌው ከደም ሥሩ እንዳልወጣ ለማወቅ ደሙ መመለሱን አያለሁ፣ ጥቂት እገፋለሁ፤ ደግሞ አያለሁ፣ እገፋለሁ። ያቃጥልዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እንባቸው እየወረደ አያቃጥልም አሉ። ሲያልቅ ደም ሥሩን በጨው ውሃ አጠብሁ፤ ጓንቴን አውልቄ ወጣሁና ከሕንፃው ጀርባ ቆምሁ።

ተመልሼ ምነው አሁን ነገሩኝ አልኋቸው።

«ሌላ ጊዜ ብነግርሽ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ» አሉኝ። «ይህ ቀዩ ሲገባ ግን እጄን አትለቂም።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ይቅር ብያቸዋለሁ ብልህ ውሸት ይሆናል፤ ጀምሬያለሁ።

አሁን ያሉት በሌላ ዓይነት መድኃኒት ላይ ነው። መጀመሪያ ከዛፍ ቅርፊት የተገኘ ነው። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የሚጎትቱትን ክሮች አድርቆ ያስቀራቸዋል፤ መከፈል ያቃተው ሕዋስም ይሞታል። ነርቭንም ስለሚነካ የእጅና የእግር ጣታቸው ደንዝዟል፤ የልብሳቸውን ቁልፍ የምቆልፍላቸው እኔ ነኝ። ሁለት ዙር ይቀራቸዋል። ሐኪሙ እስካሁን ያለው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ዳኑ ለማለት ዓመታት ይፈጃል ብሏል። የመጨረሻው ኅዳር 13 ነው። ለዚያ ቀን ድረስላቸው። ከራሳቸው አፍ ስማ፤ ስትሰማም አትቆጣቸው። አንተን እዚህ ለማስቀረት ብለው ነበር፣ ያጡህም በዚያው ነው።

ስለ ራሴ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ቤቴ ያው የምታውቀው ነው፤ ስልኬንም አልቀየርሁም። አንተ እስካሁን ብቻህን እንደሆንህ እናትህ ነግረውኛል፤ እኔ ግን አልጠየቅኋቸውም።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም መንገድህን ታቅናልህ፤ እናትህንም ለዓይንህ ታቆይልህ።

ዘመድህ ያልሆንሁት