ባሕር ለማየት፣ ባላችንን ይዤ

ድሬዳዋ፣ ሰኔ ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ፊትሽን አይቼው ለማላውቀው፣ ሽቶሽን ግን ከሸሚዝ አንገትጌ ላይ ሳጥብ ለኖርኩት ጣውንቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ? የወደቡ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባላችንም ግማሹ ደህና ነው። ቀኝ ጎኑ ከፋሲካ ወዲህ አልታዘዝ ብሎታል፤ ግራው ከድሮም የሚታዘዝ አልነበረም።

ይህን የሚያነብልሽ ወርሳሜ መሆኑን አውቃለሁ። ወርሳሜ፣ ወንድሜ፣ ባቡሩ ላይ ፍሬን መያዝ ሥራህ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አትያዝብኝ። እኔ ስረግም አንተ እየመረቅክ እንዳትተረጉም።

መልእክትሽን አድርሶልኛል። ባሕር ለማየት ልንመጣ መሆኑን ስትሰሚ፣ «አቦ፣ አሁን አይሆንም በላት፤ ኻምሲን ተነሥቷል፤ ወላሂ ቆርቆሮ የሚነቅል ነፋስ በሽተኛ አያተርፍም» ብለሻል አሉ። ለጤናው ማሰብሽ ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን እሱና ያ ነፋስ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲመላለስ፣ አንቺ ዘንድ ባደረ ቁጥር «ነፋሱ ሐዲዱን አሸዋ አልብሶት ነው» ይለኝ ነበር። እኔም አምን ነበር። ከሚሲዮን ቤት መጻሕፍት እየተዋስኩ የፈረንሳይ ነገሥታትን ውሽሞች በየስማቸው ሳጠና፣ የራሴ ቤት ንጉሥ የት እንደሚያድር አልጠየቅሁም።

እንግዲህ የጉዟችንን ነገር ልንገርሽ። ጠዋት ከለገሃር ተነሥተን፣ ሽንሌን፣ አዲጋላን፣ ዓይሻን አልፈን ድንበር ላይ ወረቀት እናሳያለን። ባላችን በወረቀቱ አየነው ነው። አሊ ሳቢህ ሲደርስ አብዲራህማን ይሆናል አሉ። ይሁን፤ ዛሬ አንዱንም ቢጠሩት ተነሥቶ አይሄድም። የኔ ጭንቀት ዕድሬ ነው። ዕድሬ የሚያውቀው አየነውን ነው፤ አብዲራህማንን አይቀብርም። ቄሱም ሊጠይቁት መጥተው፣ «እማዶ ሰልሟል የሚሉት እውነት ነው ወይ?» አሉኝ። «አባቴ፣ ባቡር ላይ ሆኖ ምን እንደሚያምን እኔ በምን አውቄ?» አልኳቸው። መስቀላቸውን ሳያሳልሙኝ ወጡ።

ከአፉ የተረፈው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ስምሽ። ውሃ ሲጠማው ይጠራሻል። ሳገላብጠው ይጠራሻል። አልጋው ሲረጥብም ይጠራሻል፤ የምመጣው ግን እኔ ነኝ። ለጎረቤት የፈረንሳይ መድኃኒት ስም ነው ብያለሁ። ቦጋለች፣ ይቺ አጥር የምንጋራው፣ አምናኝ ኖሮ፣ «ምነው አንቺ! ይህን ያህል እየለመነሽ ሄደሽ አታመጪለትም?» ብላ ተቆጣችኝ። «መድኃኒቱ አይመጣም፤ በሽተኛው ነው የሚሄደው» አልኳት። ያን ጊዜ ነው ሽርሽሩን ያሰብኩት። አሁን ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «እልል! ጫጉላ ልትወጡ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች።

ሳልረሳው፤ ሾርባውን በግራ ጉንጩ በኩል አጉርሺው፤ በቀኝ ከሆነ ያንቀዋል። ስትላጪው ከአገጩ ሥር ጠባሳ አለች፤ ምላጩን አቅልዪው። ጀርባው እንዳይላጥ ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ፤ ቅባቱን ይዤልሽ እመጣለሁ። ገላውን ስታጥቢው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አፍሮ ነው። ያን ጊዜ አታናግሪው።

በርሽን ቆልፈሽ ዘመድ ጥየቃ ብትሄጂም አልቀየምም። ደጃፍሽ ላይ ጥላ ባለበት በኩል አስቀምጠዋለሁ። ስምሽን እንደሆነ ያውቀዋል፤ መንደሩ ወጥቶ እስኪያይ ይጠራሻል።

እኔ ከዚያ ወደ ወደቡ እወርዳለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ከሰርጋችን ጀምሮ «ነፋሱ ጋብ ሲል እወስድሻለሁ» ይለኝ ነበር።

ጅቡቲ እንሂድ ስለው፣ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ በግማሽ ፊቱ። ነጩን ሱፉን በደህናው እጁ ጠቆመኝ፤ አውጥቼ ተኮስኩለት። ከዚያ ወዲህ ምግብ አይመልስም። አጠገቡ ስቀመጥ መዳፌን ይዘረጋና በጣቱ ሞገድ ይሥልበታል፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። በመጨረሻ ቃሉን ሊጠብቅልኝ፣ ባሕሩን ሊያሳየኝ የሚወስደኝ እሱ መስሎታል። እኔ ምንም አልነገርኩትም። አንቺም የኔ የመመለሻ ባቡር ፉጨቱን እስኪያሰማ ድረስ አትንገሪው።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ያስፈልግሻል።

እስከ ዛሬ ተካፋይሽ የነበረችው፣
ጣውንትሽ