ባለ አራት ሞተሯን ያበረሩት የጥርስ ሐኪም

ሐኪሟ ከመሬት ቀያሹ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በሰኔ ወር 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ናት። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት ጎረቤቱን ያስደነገጠ ስለነበር አባታቸው ዕለቱኑ «መብረቅ» አሏቸው፤ ቤተሰቡም እስከ መጨረሻው በዚሁ ስም ጠራቸው።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ «ትሑትና ታጋሽ፣ ከሁሉም ጋር ተስማምተው የኖሩ» የሚል ቃል እንዲገባበት ከዘመድ ወገን ምክር ተሰጥቶ ነበር። አልገባም። ሐኪሟ ታጋሽ አልነበሩም፤ ከሁሉም ጋርም ተስማምተው አልኖሩም። ቁጡ ነበሩ። ቁጣቸው ግን አድራሻውን የማይስት ነበርና ያልበደለ ሰው በእሳቸው ቁጣ ተቃጥሎ አያውቅም፤ ከባለቤታቸው በስተቀር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታተሉ። አሥረኛ ክፍል ሳሉ የፊዚክስ መምህራቸው በትክክል የሠሩትን ስሌት ቢሰርዙባቸው፣ ተነሥተው ጠመኔውን ከመምህሩ እጅ ወሰዱና ሰሌዳው ላይ ሠርተው አሳዩ። ከክፍል ተባረሩ፤ ነጥቡ ግን ተመለሰላቸው። በ1977 ዓ.ም. በጥርስ ሕክምና ተመርቀው በመንግሥት ሆስፒታል ለዓመታት አገለገሉ፤ ኋላም ከአንድ የጫማ መደብር በላይ፣ ፎቅ ላይ፣ የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። መሰርሰሪያውን የማይፈራ በሽተኛ አፋቸውን ይፈራ ነበር። «እስኪበሰብስ ጠብቀህ ጠብቀህ አሁን ነው ‹ዶክተር ድረሺልኝ› የምትለው?» ይሉታል። እጃቸው ግን ከአፋቸው ጋር የማይተዋወቅ ይመስል ለስላሳ ነበር። ሌላ ሐኪም ዘንድ የሄደ በሽተኛ ቢኖር እንኳ ተመልሶ መጥቷል።

ባለቤታቸውን፣ የጂኦግራፊ መምህሩን፣ ያገኙትም በሆስፒታሉ የሕክምና ወንበር ላይ ነው። መምህሩ አፋቸው በጥጥ ተሞልቶ መልስ መስጠት በማይችሉበት ሰዓት ሐኪሟ ሲቆጧቸው ዋሉ። በሳምንቱ መምህሩ ምንም ያላመማቸውን ጥርስ ይዘው ተመለሱ። በ1980 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ታላቂቱ ፋርማሲስት፣ ታናሺቱ መሐንዲስ ናቸው።

የክሊኒኩ መስኮት ለማረፍ ዝቅ የሚሉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በሚያልፉበት አቅጣጫ ነበር። በሽተኛው ማደንዘዣው እስኪይዘው ሐኪሟ መስኮቱ ላይ ቆመው ያያሉ። ታናሺቱ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ባዶ የቀረውን ክፍል ያዙና ከመሬት በመቆጣጠሪያ የሚበር የራሳቸውን አውሮፕላን መሥራት ጀመሩ። ፎሙን ቆረጡ፤ የኮምፔንሳቶ ጣውላውን አቀጠኑ፤ ከላይ ፋይበር ግላስ አልብሰው በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። በባትሪ የሚሠሩ አራት ሞተሮችን በክንፏ ላይ ደረደሩ፤ ሽቦዎቿን በካውያ በየዱ። መምህሩ መጀመሪያ አካባቢ፣ «እስቲ ከሁሉ በፊት በሩን እንለካ» ብለው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። አውሮፕላኗ ስታልቅ በበር አልወጣ አለች። መስኮቱ ከነፍሬሙ ተነቀለ። መምህሩ ያን ቀን ምንም ቃል አልተነፈሱም፤ በዚህም ዝምታቸው ሐኪሟ ተቆጧቸው።

«መጫወቻ» የሚላት ሰው ከሐኪሟ ጋር ሁለተኛ አይነጋገርም ነበር። ክንፏ ከጫፍ ጫፍ ሲለካ ከቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ይበልጣል፤ ክብደቷም ለአንድ ሰው ሸክም ነው። ይህን የሚያህል ነገር ከሰማይ ቢወድቅ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከያንዳንዱ በረራ በፊትና በኋላ ሆዷን ከፍተው በጥርስ መመልከቻ መስታወት ውስጧን ያያሉ፤ የክንፏን ማጠፊያዎች አንድ በአንድ ያንቀሳቅሳሉ፤ ሞተሮቿን በመዳፋቸው ዳብሰው ሙቀታቸውን ያመዛዝናሉ። ባትሪ ሲሞላም ከአጠገቡ አይነሡም። መጀመሪያ የበረረች ዕለት ሐኪሟ የገቡበት የከተማው የሞዴል አውሮፕላን አብራሪዎች ማኅበር አባላት በሙሉ ሜዳው ላይ ነበሩ። ስታርፍ ጎማዎቿ መሬት የነኩበት ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ሐኪሟ አለቀሱ፤ የሚያዩአቸውንም «ምን ታዩኛላችሁ?» ብለው ተቆጡ።

በ2007 ዓ.ም. የሆነው በግልጽ መጻፍ አለበት። በዚያ ዓመት ማኅበሩ ለትልልቅ እንግዶች ትርኢት አዘጋጀ። የቀኑ ዋና መስህብ የሐኪሟ ባለ አራት ሞተር ነበረች። አውሮፕላኗ ሁለት ባትሪ ነበራት፤ አንዱ ለግራ ክንፍ ሞተሮች፣ አንዱ ለቀኝ። ጠዋት ሐኪሟ ሲመረምሩ የግራው ባትሪ እንደ ታመመ ድድ አብጦ አገኙት። አውጥተው ቀይ ፕላስተር ጠቀለሉበትና አባላቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «ይሄ ሞቷል። ዛሬ አትበርም» አሉ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የሕንፃ ተቋራጩ፣ «እንግዶቹ መጥተዋል እኮ ዶክተር። አንድ ዙር ብቻ» አሉ።

«እንግዶቹ ሻይ ይጠጡ!» አሉ ሐኪሟ።

በዚህ ጽሑፍ ሊቀመንበሩ አንቱ የተባሉት የጽሑፉ ወግ ስለሆነ ብቻ ነው።

ከዚያ ከክሊኒኩ ተደወለ፤ ጥርሱን የተነቀለ በሽተኛ ደም አልቆም ብሎታል። ሐኪሟ «እስክመለስ ማንም እጁን እንዳያሳርፍባት» ብለው ሄዱ። ደሙን አቁመው ሲመለሱ ገና ከመንገዱ ጭስ አዩ። እሳቸው በሌሉበት ቀይ ፕላስተር ያለበትን ባትሪ ገጥመው አስነሥተዋት ነበር። ግራ ክንፏ ላይ ያሉት ሁለቱ ሞተሮች አየር ላይ ቀጥ ሲሉ፣ የቀኞቹ ጉልበት ገለበጣትና ከሜዳው ዳር ተከሰከሰች። ሰው ላይ አለመውደቋ ዕድል እንጂ የማንም ጥንቃቄ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ለእንግዶቹ በድምፅ ማጉያ፣ «ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ስለሆኑ ሳያዩት ያለፉት ነገር ቢኖር ነው» ብለው አስረዱ። ሐኪሟ ይህን በጆሯቸው ሰሙ። ሊቀመንበሩ በዕድሜ በሦስት ዓመት ይበልጧቸው ነበር።

በተከታዩ ስብሰባ ማኅበሩ «በጥገና ጉድለት» ሐኪሟን ከአባልነት አገደ። ሐኪሟ ከስብርባሪው ውስጥ ያወጡትን የተቃጠለ ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቀይ ፕላስተሩ በግማሽ ተቃጥሎ ግማሹ አሁንም ተጣብቆ ነበር። «ማን ገጠመው?» ብለው ጠየቁ። መልስ የለም። ከአባላቱ ብዙዎቹ በሽተኞቻቸው ነበሩ። «ከእናንተ የግማሹን አፍ በገዛ እጄ ከፍቼ አይቻለሁ። ዛሬ ሁሉም እንዴት አንድ ላይ ተዘጋ?» አሉ። ባትሪውን አንሥተው ወጡ።

ሐኪሟን ያቃጠላቸው የአውሮፕላኗ መሰበር አልነበረም። የተሰበረ ነገር መጠገን ሙያቸው ነው። ያዩ ሰዎች አላየንም ማለታቸው ነው ያንገበገባቸው።

ስብርባሪዋን የቤታቸው ሳሎን ውስጥ አስገብተው እንደገና ሠሯት። መምህሩ ለሁለት ዓመት ያህል ከክንፍ ሥር እራታቸውን በሉ። ልትጠናቀቅ ስትቃረብ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሐኪሟ አንድ ቀን በሥራ ላይ እንዳሉ የያዙት መስታወት ከበሽተኛው ጥርስ ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰሙ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ምርመራው የነርቭ ሕመም መሆኑን አረጋገጠ። «የሚንቀጠቀጥ እጅ ሰው አፍ ውስጥ አይገባም» ብለው ክሊኒኩን በዚያው ሳምንት ዘጉ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን እንደ ሰነፍ ተማሪ ይቆጡት ነበር፤ ቡና ቢያፈስም፣ ቁልፍ ቢስትም።

በቀጣዩ ዓመት ከከተማው ዳር ገና ለመኪና ያልተከፈተ አዲስ መንገድ ነበርና በጥበቃው ፈቃድ አውሮፕላኗን ወደዚያ ወሰዷት። ቤተሰቡ ሁሉ ነበር። አስነሧት። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ እሷም አየር ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ቢሆንም ዞረች። ደግማ ዞረች። በሦስተኛው ዙር ላይ ጣታቸው እንቢ አለ። መቆጣጠሪያውን ወደ እህታቸው ገፉት።

«ያዢ!»

«እትዬ፣ እኔ? ምኑን ነው የምይዘው?»

«ዝም ብለሽ ያዢ! የግራውን ዘንግ ቀስ እያልሽ ወደ ታች ሳቢ። አፍንጫዋን ቀና። ቀና አልኩሽ! እሷን እያት፣ እኔን ምን ታያለሽ?»

በሕይወቷ ከልብስ ስፌት መኪና በቀር ምንም አንቀሳቅሳ የማታውቀው እህታቸው፣ እየተሰደበች አሳረፈቻት። ሁለቴ ነጥራ የፊት ጎማዋ ተሰብሮ ቆመች። መምህሩና ልጆቹ ሲያጨበጭቡ ሐኪሟ ጎማውን አንሥተው አገላብጠው አዩና፣ «ይሄ ማሳረፍ ነው መወርወር?» አሉ። ቀጥለውም፣ «እሑድ ትደግሚዋለሽ» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ደገመችው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሐኪሟ በወንበር ተቀምጠው እየተቆጡ፣ እህታቸው ቆማ እያበረረች፣ አውሮፕላኗ ከሰማይ አልወረደችም ማለት ይቻላል።

ሕመሙ እየጸና ሄደ። መጀመሪያ እግራቸውን፣ ከዚያ አንደበታቸውን ያዘ። ባለፈው ዓመት ሊቀመንበሩ አበባና «የክብር አባል» የሚል የምስክር ወረቀት አስይዘው፣ ከፎቶ አንሺ ጋር ወደ ቤታቸው መጡ። ሐኪሟ በዚያን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ረጅም ትግል ይጠይቃቸው ነበር። ታገሉ። «ባትሪውን... ማን ገጠመው?» አሉ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው፣ «ዶክተር፣ ያለፈውን እንርሳ እንጂ» አሉ።

ሐኪሟ ዕድሜ ልካቸውን ቤታቸው የመጣን እንግዳ አንተ ብለው አያውቁም። ያን ቀን ግን «ውጣልኝ» አሉ። ቃሉ ሳይሰበር፣ አጥርቶ ወጣ። የምስክር ወረቀቱም አብሮ ወጣ።

ሐኪሟ በሀገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከማለፋቸው ቀደም ብሎ መምህሩ «ምን ላድርግልሽ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ የትራሳቸውን አቀማመጥ በዓይናቸው ተቆጥተዋል።

ሐኪሟ የአንድ ባል ባለቤት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያትና የአንዲት እህት ታላቅ ነበሩ። ማኅበሩ የላከውን የአበባ ጉንጉን ቤተሰቡ አልተቀበለም። ይህ የስንብት ሥርዓት ሲያበቃ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እህታቸው ሊያጽናኗቸው የመጡትን ለመሰናበት በሩ ላይ ይቆማሉ። በዚያ ሜዳ ላይ የነበራችሁ የማኅበሩ አባላት ዛሬም እዚህ አላችሁ፤ ስትገቡ አይተናችኋል። እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት የዚያን ቀን ያያችሁትን ተናገሩ። ስም ጥሩ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው በሌላው በር ይውጣ፤ ክፍት ነው።

ፈጣሪ የሐኪሟን ነፍስ ነፋስ በማይነካው ስፍራ ያሳርፍ። ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን፣ ዝም ላሉት ደግሞ አንደበትን ይስጥ።